ሲያመው ብቻ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው

ጉንፋን ይዞኝ ከተኛሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ድምፄ ፈጽሞ ተዘግቷል፤ ድምፅ የሌለው መምህር ክፍል ገብቶ ምን ያደርጋል? ሐኪሙ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ጻፈልኝ። ጎረቤቴ በየማለዳው ዳማከሴ ጨምቃ ታመጣልኛለች፤ ጠጥቼ እስክጨርስም ቆማ ታየኛለች። እሷ ስትወጣ ቤቱ ጭር ይላል። ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በሥራ ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ የራሴን ቤት ጸጥታ ያዳመጥኩባቸው ቀናት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በታመምኩ ቁጥር የማስበው አንድ ሰው አለ። አሌክሳንደር ፖርፊሪየቪች ቦሮዲን ይባላል፤ የሴንት ፒተርስበርግ ሰው ነው። በ1876 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለአንዲት ዘፋኝ ወዳጁ ደብዳቤ ላከ። በብርዱ ወራት ሙዚቃ መጻፍ የሚችለው ታሞ ማስተማር ሲያቅተው ብቻ እንደሆነ፣ ወዳጆቹም ጤና በመመኘት ፈንታ እንዲታመም እንደሚመኙለት ነገራት። ያን ሰሞን ለገና ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ቤት ውሎ ነበር። ለኦፔራውም አንድ የመዘምራን ክፍል ጽፎ ተነሣ።

ደብዳቤውን መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ስቄአለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሆዴን ባር ባር አለው። ያን ሁሉ ዜማ በውስጡ ተሸክሞ የሚዞር ሰው፣ የሚያወጣበትን ቀን የሚሰጠው ትኩሳት ነበር።

ቦሮዲንን ያወቅሁት በዜማው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መምህራችን የካርቦክሲሊክ አሲድ የብር ጨው ከብሮሚን ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን እያስረዱን ነበር። መጽሐፋችን ለዚህ አጸግብሮት የሰጠው ስም የጀርመን ባልና ሚስት ኬሚስቶችን ነው። መምህራችን በዚያ አልረኩም። ከስሙ ፊት በጠመኔ «ቦሮዲን» ብለው ጨመሩና ከእነዚያ ጀርመኖች ሰማንያ ዓመት ያህል ቀድሞ ይህን የሠራ ሩሲያዊ እንደነበረ ነገሩን። እሳቸው በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ የተማሩት ሌኒንግራድ፣ በዛሬ ስሟ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ነው። እኔም ስሙን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ለፈተና አጠናሁት፣ አለፍኩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማታ ሬዲዮ ከፍቼ ልብስ ስተኩስ ሙዚቃ መጣ። መጀመሪያ ሴቶች ብቻ በለሆሳስ ሲዘምሩ ይሰማል፤ ዜማው እንደ ጨርቅ ወደ ታች እየተጣጠፈ ይወርዳል። ቆየት ብሎ ከበሮው ገባ፣ ወንዶቹ ገቡ፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። ካውያውን አስቀምጬ ቆምኩ። ሲያልቅ ጋዜጠኛው የሙዚቃው ደራሲ ቦሮዲን እንደሆነ ተናገረ። ስመ ሞክሼ መሆን አለበት አልኩ። አገሩ ሰፊ ነው፤ በአንድ ስም ሁለት ሰው ቢጠራበት ምን ይገርማል? ሁለት ወር ያህል ሁለት ቦሮዲኖች በጭንቅላቴ ውስጥ ተለያይተው ኖሩ።

አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። ቆም አሉ፤ ፊታቸው በራ። «አንድ ሰው ነው» አሉኝ። መቃብሩን አይተውታል። በቲኽቪን መካነ መቃብር ውስጥ ነው፤ ከሐውልቱ ጀርባ የራሱ ሙዚቃ ኖታ በሞዛይክ ተሠርቶ ቆሟል። ተማሪ ሳሉ እሑድ እሑድ እዚያ ይሄዱ እንደነበር አጫወቱኝ፤ ምን ሊያደርጉ እንደሚሄዱ ግን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ያን ቀን የጀመረው ፍቅር ነው ዛሬም አብሮኝ የተኛው።

ቦሮዲን በ1833 ሲወለድ ስሙን ያገኘው በውሸት ነው። አባቱ ሉካ ጌዲያኖቭ ከጆርጂያ መኳንንት ወገን የሆነ፣ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ፣ ሌላ ሚስት ያለው ሰው ነበር። እናቱ አቭዶቲያ አንቶኖቫ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። ልጁ ከጋብቻ ውጭ ስለመጣ በመኳንንቱ ስም ሊጠራ አልቻለም፤ ስለዚህ ፖርፊሪ ቦሮዲን የሚባል የጌዲያኖቭ አሽከር ልጅ ተደርጎ ተመዘገበ። አሽከሩ ሰርፍ ነበር፤ ማለት በጌታው ርስት ላይ የታሰረ፣ የሚሸጥ የሚለወጥ ሰው። ሕፃኑም በወረቀት ላይ ሰርፍ ሆነ። የገዛ አባቱ ንብረት ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። አባቱ ከመሞቱ በፊት ነፃ አወጣው።

እናቱን ደግሞ «እማዬ» ብሎ መጥራት አልተፈቀደለትም። «አክስቴ» ነበር የሚላት። እሷም አክስት መስላ እናት ሆነችለት። ትምህርት ቤት ልካ ከዓይኗ እንዲርቅ ስላልፈለገች አስተማሪዎቹን ቤት ድረስ አመጣችለት። ልጁ የወታደር ባንድ ሲጫወት ሰምቶ ልቡ እንደተወሰደ ባየች ጊዜ ከባንዱ አንድ ወታደር ቀጥራ ፍሉት አስተማረችው። በዘጠኝ ዓመቱ አንዲት ፖልካ ጻፈ። ቼሎ ደግሞ በራሱ ለመደ። ትንሽ ከፍ ሲል ቤቱ በብልቃጥና በማንቆርቆሪያ ተሞላ፤ ርችት እየሠራ፣ ጨው እያነጠረ፣ ክፍሎቹን በኬሚካል ሽታ አወደ። አክስቴ የምትባለው እናት ሽታውንም ቻለችው። እኔ በቦሮዲን ሕይወት ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይህችን ሴት በጣም እወዳታለሁ። ሁለቱንም በሮች የከፈተችለት እሷ ናት፤ አንዱን ምረጥ ብላም አላስጨነቀችውም።

ምረጥ ያለው ሌላ ነው። በ1850 ሴንት ፒተርስበርግ ወደሚገኘው የሕክምናና የቀዶ ጥገና አካዳሚ ገባ፤ እዚያም ኒኮላይ ዚኒን አስተማረው። ዚኒን ከናይትሮቤንዚን አኒሊን ያወጣ፣ በኋላ ለቀለም ፋብሪካዎች ሁሉ መሠረት የሆነውን መንገድ የከፈተ ታላቅ ኬሚስት ነው። ቦሮዲንን ተተኪው ሊያደርገው ያስብ ስለነበር በዘፈን ጊዜ መፍጀቱ አናደደው፤ ሁለት ጥንቸል በአንድ ጊዜ አይታደንም ብሎም በተማሪዎች ፊት ገሠጸው። እኛ አገር ቢሆን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባል ነበር። ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። አሁን ግን ልናገረው ስል አንደበቴ ይያዛል።

በ1856 ተመርቆ በወታደራዊ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። እዚያ የተገረፉ ሰርፎች ይመጡለት ነበር፤ ከጀርባቸው የተሰነቀረ እንጨት መንቀል ነበረበት። ራሱን ስቶ ወደቀ። አብዛኞቹ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ልቡ ለስላሳ ስለነበር ነው ይላሉ። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። በፊቱ በደረቱ ተኝቶ ጀርባውን የሰጠው ሰው፣ በወረቀቱ መሠረት ቢሆን ኖሮ፣ ራሱ ነው።

በዚያው ሆስፒታል አንድ ቀን ተረኛ ሆኖ ሳለ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት መኮንን አገኘ። ልጁ የክብር ዘብ አባል ነው፤ የደንብ ልብሱ ልክክ ያለ፣ ጥፍሩ የተሞረደ፣ በንግግሩ መሐል ፈረንሳይኛ ጣል የሚያደርግ። ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የጣልያን ኦፔራ ዜማዎችን ሲጫወት ሴቶች ይከቡት ነበር። በኋላ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ የሆነው ሞደስት ሙሶርግስኪ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሁለቱ መንገድ ተራርቆ መልሶ ይገናኛል። ዛሬ መቃብራቸው ጎን ለጎን ነው።

ከ1859 እስከ 1862 ቦሮዲን ለትምህርት ጀርመን አገር ሄደ። ሃይድልበርግ ላይ ከዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ ጋር እንደ ወንድም ኖሩ፤ ያ ሜንዴሌየቭ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰንጠረዡን ክፍሌ ግድግዳ ላይ የምሰቅለው። በ1860 ካርልስሩኸ ላይ በተደረገው ታዋቂ የኬሚስቶች ጉባኤ ሁለቱም ነበሩ። ይህ ሁሉ ለአንድ ወጣት ኬሚስት በቂ ነው። ነገር ግን በ1861 አንዲት ሩሲያዊት ፒያኒስት ሳንባዋን ልትታከም ሃይድልበርግ መጣች። ኤካቴሪና ፕሮቶፖፖቫ ትባላለች። የሾፓንንና የሹማንን ሙዚቃ ተጫወተችለት፤ ሰምቶ የማያውቀው ዓለም ነበር። ሕመሟ ሲብስ ሐኪሞቹ ወደ ሞቃት አገር ላኳት፤ እሱም ተከትሏት ፒሳ ወረደ። ፒሳ ላይ የጣልያን ኬሚስቶች ቤተ ሙከራቸውን ከፈቱለት። ቤንዞይል ፍሎራይድን የሠራው እዚያ ነው፤ ማለትም በአንድ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ውስጥ ያለውን ክሎሪን አስወጥቶ በቦታው ፍሎሪን አስገባ። ፍሎሪን ያለባቸው መድኃኒቶች ዛሬ በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ አሉ። የዚያ ታሪክ አንዱ መነሻ አንዲት የምትስል ሴት ሞቃት አየር ስለፈለገች የተገኘ ነው። በ1863 ተጋቡ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምናውቀው በአብዛኛው ከወዳጁ፣ ከሙዚቃ ደራሲው ከኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ትዝታዎች ነው። ስለ ቦሮዲን ቤት የጻፈውን ባነበብኩ ቁጥር በሩን ከፍቼ የገባሁ ይመስለኛል። መኖሪያው አካዳሚው ውስጥ፣ ከቤተ ሙከራው ጎን ነበር። እንግዳ ተቀምጦ ስለ ሙዚቃ ሲያወሩ ቦሮዲን ድንገት ይነሣና ቤተ ሙከራው ይሮጣል፤ የጣደው ነገር እንዳይቃጠል ለማየት ነው። እየሮጠም በመተላለፊያው ላይ አንዳች ያልተጠበቀ የድምፅ ቅንብር ያንጎራጉራል። ቤቱ በዘመድ አዝማድ የተሞላ ነው፤ ሊታከም የመጣው፣ ሥራ ሊፈልግ የመጣው፣ ማረፊያ ያጣው ሶፋው ላይም ወለሉ ላይም ተኝቷል። ፒያኖ መንካት አይቻልም፣ ሰው ይቀሰቀሳላ! ሚስቱ እንቅልፍ አጥታ ታነጋለች፣ ቀን ትተኛለች፤ ራት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት የሚበላበት ቀን ነበር። ድመቶቹ ገበታው ላይ ይንሸራሸራሉ፣ አፍንጫቸውን የእንግዳ ሳህን ውስጥ ይከታሉ። አንዷ በክረምት ጭምር ከበረዶው ቀዳዳ ዓሣ በመዳፏ ታወጣ ነበርና «ዓሣ አጥማጅ» ተብላለች።

ይህ ቤት ለማን እንግዳ ነው? እኛ እናውቀዋለን። ከክፍለ ሀገር የመጣ የአጎት ልጅ ሳሎን የተኛበት፣ የታመመች አክስት ጓዳ ያለችበት፣ በሩ የማይዘጋበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ምን ያህል ሙቀት እንዳለው ያውቃል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላም ያውቃል።

ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ብዙ ደከመለት። ኦፔራው «ልዑል ኢጎር» በ1869 ተጀምሮ ነበር፤ ሐሳቡን ያቀረበው ሐያሲው ቭላዲሚር ስታሶቭ ነው። ታሪኩ በ1185 ፖሎቬትስ በሚባሉ የሜዳ ዘላኖች ላይ ዘምቶ የተማረከ የሩስ መስፍን ታሪክ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ሥራው አይንቀሳቀስም። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ይጠይቃል፦ «እህሳ፣ አሌክሳንደር ፖርፊሪየቪች፣ ጻፉ?» «ጽፌያለሁ» ይላል። የጻፈው ግን ደብዳቤ ነው፤ ለተማሪ ድጋፍ፣ ለችግረኛ ልመና፣ ለኮሚቴ መልስ። «እሺ ያን ክፍልስ አዛወሩት?» (ወደ ሌላ የድምፅ ከፍታ ማለቱ ነው።) «አዛውሬዋለሁ።» «ተመስገን!» «ከፒያኖው ላይ ወደ ጠረጴዛው» ይላል ኮስተር ብሎ።

ቦሮዲንና የሙዚቃ ወዳጆቹ አምስት ነበሩ። መሪያቸው ሚሊ ባላኪሬቭ ነው፤ ሴዛር ኪዩ የጦር ምሽግ መሐንዲስ፣ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ሙሶርግስኪም ቦሮዲንም እንዳየነው። ስታሶቭ በ1867 «ኃያሉ እፍኝ» አላቸው። እኛ እፍኝ የማይሞሉ ስንል ጥቂትነትን ነው፤ እሱ ግን በእፍኙ ውስጥ ያለውን ኃይል አይቶ ነው። አብዛኞቹ ሙዚቃን በእንጀራነት ያልያዙ እነዚህ ሰዎች የሩሲያን ሙዚቃ አቀኑት።

ቦሮዲን የመጀመሪያውን ሲምፎኒ ለመጨረስ አምስት ዓመት ፈጀበት፣ ሁለተኛውን ሰባት። ሁለተኛው በ1877 ሊቀርብ ሲል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክፍል የኦርኬስትራ ጽሑፍ ጠፋ። ቤቱን ካየን በኋላ መጥፋቱ ሊገርመን አይገባም። ደግነቱ ቦሮዲን በዚያን ጊዜ ታሞ ተኝቶ ነበር! አልጋው ላይ እንዳለ በእርሳስ ሁለቱንም ክፍል እንደገና ለመላው ኦርኬስትራ ጻፈው። ይህን ሲምፎኒ ትናንት ማታ ሰማሁት። አጀማመሩ ላይ አውታሮቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ከባድ በር እንደሚገፋ ሰው ተጋግዘው ይነሣሉ። የታመመ ሰው እጅ ያለበት አይመስልም።

በ1879 የሆነውን ደግሞ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ከኦፔራው ውስጥ የፖሎቬትስ ጭፈራዎች፣ ያኔ በሬዲዮ የሰማሁት፣ በኮንሰርት ሊቀርቡ ቀኑ ቀርቧል፤ ቦሮዲን ግን ለኦርኬስትራ አልጻፋቸውም። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ለመነው፣ ተቆጣው፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ አብሬ ልጻፍልህ አለው። አንድ ምሽት ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ቤት ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ሦስተኛው ወጣቱ አናቶሊ ሊያዶቭ ነው። ለፍጥነት ሲሉ በቀለም ሳይሆን በእርሳስ ጻፉ። እርሳስ ደግሞ ይፋቃል። እዚህ ላይ ኬሚስቱ ተነሣ። የተጻፈውን እያንዳንዱን ገጽ ፈሳሽ ጄላቲን ቀባው፤ እንዲደርቅም ገጾቹን ክፍሉ ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ላይ እንደ ልብስ አሰጣቸው።

እስኪ ይህን ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። ሌሊት ነው፤ መብራቱ ቢጫ ነው፤ ከገመዱ ላይ የተንጠለጠሉት እርጥብ ወረቀቶች የመቶ ሰው ዘፈንና ከበሮ ተሸክመዋል። ጄላቲን በእርሳሱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ሲደርቅ የካርቦኑን ብናኝ ይዞ ያስቀረዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ ድምፄ ከፍ ይላል። ዚኒን ሁለት ጥንቸል ያለው፣ በዚያ ሌሊት አንድ ጥንቸል ሆኖ ነበር።

ስለ ሁሉም ሥራው እንዲህ በደስታ አልናገርም። በ1880 «በመካከለኛው እስያ ሜዳ ላይ» የሚለውን አጭር ሥራ ጻፈ፤ ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ አሌክሳንደር የሃያ አምስተኛ ዓመት ንግሥና በዓል የተሰናዳ ነው። ቫዮሊኖቹ አንዲት ቀጭን ድምፅ ከላይ ዘርግተው ይይዛሉ፤ ሜዳው ነው፣ ሙቀቱ ነው። የሩሲያ ዜማ ይመጣል፣ ከዚያ የምሥራቁ ዜማ፣ የግመሎቹ እግር በጣት በሚነኩ አውታሮች ይሰማል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ዜማዎች ተስማምተው አብረው ይሄዳሉ። ውበቱ አያከራክርም። ነገር ግን በዚያ ዓመታት የሩሲያ ጦር ያንን አገር በኃይል እየያዘ ነበር፤ ሙዚቃውም ቅፍለቱ በሩሲያ ወታደሮች ጥበቃ ሥር በሰላም እንደሚጓዝ ይተርካል። የተወረረ ሕዝብ ዜማ ከወራሪው ዜማ ጋር እንዲህ በቀላሉ አይስማማም። ያን ሥራ ስሰማ አእምሮዬ ይህን ይለኛል፤ ጆሮዬ ግን ይከተለዋል።

ስለ ቦሮዲን የሚጽፉ ብዙዎች በቁጭት ነው የሚጽፉት። ያን ሁሉ ኮሚቴ፣ ያን ሁሉ ተማሪ፣ ያን ሁሉ ዘመድ ትቶ ቢጽፍ ኖሮ ስንት ሲምፎኒ ይኖረን ነበር ይላሉ። እኔም ለብዙ ዓመታት ከእነሱ ጋር ተቆጭቻለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ነገር ነው። በ1872 በአካዳሚው ውስጥ ለሴቶች የሕክምና ኮርስ ተከፈተ። ሴት ዩኒቨርሲቲ በማትገባበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቦሮዲን ከመጀመሪያው ጀምሮ ኬሚስትሪ አስተማራቸው። በቤተ ሙከራ አብሯቸው ቆመ፣ ገንዘብ ለመነላቸው፣ ሲታሰሩ ሊያስፈታ ሮጠ፣ ሲቸገሩ በሩን አንኳኩተው ገቡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሐኪም ሆነው ወጡ። በ1882 መንግሥት አዲስ ተማሪ እንዳይገባ ከለከለ፤ ቦሮዲን በዚህ እጅግ አዘነ። እሱ በሞተ ጊዜ የአሥር ዓመት ምሩቃን የሆኑ ሴት ሐኪሞች የኮርሱ መሥራች፣ ጠባቂና ተሟጋች፣ የተማሪዎች ወዳጅ የሚል ጽሑፍ ያለበት የብር መታሰቢያ አኖሩለት።

እኔ ሴት ነኝ፤ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ ምን እንደምሆን አላውቅም። ያልተጨረሰውን ሦስተኛ ሲምፎኒ በአንድ እጅ፣ በአንድ ሩቅ አውራጃ ለወላድ የደረሰችን አንዲት ሐኪም በሌላ እጅ አድርገሽ መዝኚ ብትሉኝ አልመዝንም። ኦፔራው ሳይጨረስ የቀረበትን ዋጋ የከፈለው ሰው ራሱ ነው፤ ለማን እንደከፈለም ያውቃል።

በ1872 ይህንኑ ኮርስ ማስተማር በጀመረበት ዓመት ነው አልዴሃይዶች ሁለት ሁለት ሆነው እንዴት እንደሚያያዙ ለሩሲያ ኬሚስቶች ማኅበር ያቀረበው። ፈረንሳዊው ቩርትስም ለብቻው ደርሶበት ስም አወጣለት፦ አልዶል። ግማሹ አልዴሃይድ፣ ግማሹ አልኮል፤ በአንድ ሞለኪውል ላይ የሁለቱም ጠባይ አለ። ተማሪ ሳለሁ ይህን ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ስለ ማን እንደምጽፍ አላወቅሁም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። በ1881 ክረምት፣ ማለቴ በእነሱ በጋ፣ ከተማውን ለቆ ገጠር ገባ፤ ማንም የማያንኳኳበት። ሃይድልበርግ ላይ ከኤካቴሪና ጋር ከተገናኙ ሃያ ዓመት ሞልቷቸዋል። ሌላውን ሥራ ዓመታት እየጎተተ የሚጽፍ ሰው ሁለተኛውን የአውታር ኳርቴት፣ ለአራት ባለአውታር መሣሪያዎች የሚጻፈውን ዓይነት ሙዚቃ፣ በዚያ ጥቂት ሳምንት ጻፈው፤ ለእሷም አበረከተላት። ሦስተኛው ክፍል «ኖክተርን» ይባላል፤ የሌሊት ዜማ ማለት ነው። ዜማውን የሚጀምረው ቼሎ ነው። ቼሎ ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ እዚህ ግን ወደ ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይዘፍናል። ሁለተኛው ቫዮሊንና ቪዮላ ከሥሩ እንደ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ከዚያ አንደኛው ቫዮሊን ያንኑ ዜማ ተቀብሎ ከደመና በላይ ይዞት ይሄዳል። ቆየት ብሎ ደግሞ ቼሎውና ቫዮሊኑ ያንኑ ዜማ ተከታትለው ይጫወቱታል፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው በጥቂት ምት ዘግይቶ ይከተላል፤ ሳይደርስበት፣ ሳይርቅበት።

ቼሎው እሱ ነው፣ ቫዮሊኑ እሷ ናት ይባላል። ቼሎ ተጫዋች ስለነበር ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ኤካቴሪና የፒተርስበርግ አየር ስለማይስማማት ብዙውን ጊዜ ሞስኮ ነበር የምትኖረው፤ ትዳራቸው ግማሹ በደብዳቤ ነው። ከሚወዱት ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ መከተል ምን እንደሚመስል ያ ሙዚቃ ያውቃል። ባለቤቴ ለሦስት ዓመት ሌላ ከተማ ተመድቦ በሠራበት ጊዜ ማታ ማታ የፈተና ወረቀት እያረምኩ የምሰማው ይህንኑ ነበር። አንዳንድ ወረቀት ላይ ቀይ እስክሪብቶዬ ቆሞ ነጥብ ፈሶ ቀርቷል፤ ተማሪዎቹ ምን ብለው ይሆን?

በየካቲት 1887 የቅበላ ሰሞን፣ ሩሲያውያን ማስሌኒትሳ የሚሉት፣ አካዳሚው ውስጥ ግብዣ ነበር። እንግዶቹ ሁሉ ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው መጥተዋል፤ ቦሮዲን የሩሲያ ባላገር ልብስ አድርጎ ይጨፍራል፣ ያስቃል። እየተጫወተ ሳለ ድንገት ወደቀ። ልቡ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ክፍሉ በሐኪሞች የተሞላ ነበር፤ ሊያነሡት አልቻሉም። ሚስቱ ሞስኮ ነበረች፤ እሷም ዓመቱን ሳትጨርስ ተከተለችው።

ጠረጴዛው ላይ ኦፔራው ተበታትኖ ቀረ። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭና ወጣቱ አሌክሳንደር ግላዙኖቭ ሰበሰቡት። መግቢያው ጨርሶ አልተጻፈም ነበር፤ ግላዙኖቭ ግን ቦሮዲን ፒያኖ ላይ ሲጫወተው ሰምቶ ስለነበር ከትዝታው አውጥቶ ጻፈው። በ1890 ሴንት ፒተርስበርግ ማሪይንስኪ ቴአትር መድረክ ላይ ወጣ። ያ በሩ የማይዘጋ ቤት የጠፋውን ሁሉ በጆሮው ይዞ የሚወጣ እንግዳም አፍርቶ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ኖክተርኑን ከፍቼ ተጋድሜ ሳለሁ በሬ ተንኳኳ። አራት ተማሪዎቼ ናቸው፤ ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። ሦስቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠውና ክፍል ውስጥ ብዙም የማትናገረው ልጅ ግን በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። «ቲቸር፣ እርስዎ አይናገሩ፣ እኛ እናወራለን» አለ አንደኛው። አላወሩም። ቼሎው እየተጫወተ ነበር። ያቺ ልጅ ቀስ ብላ ወደ ሬዲዮ ካሴቱ ተጠጋችና ይህን ማን እንደጻፈው ጠየቀችኝ። ድምፅ የለኝም፤ ከአልጋዬ ጎን ካለው ቁልል አንድ ያላረምኩትን ወረቀት አነሣሁ፣ ገለበጥኩት፣ በቀይ እስክሪብቶ «የኬሚስትሪ መምህር» ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እስኪያልቅ ሰማችው።